ሴት ግልገል ለርቢ ስትቀር የልደት ክብደቷ ለምን ይታያል?

ገበሬ ሴት ግልገል ለርቢ ሲያስቀር የሚያየው መልኳን፣ ላቷንና የእናቷን ወተት ነው። ደግ ነው። እኛ ዕጩ መምህራን ግን አንድ ጥያቄ እንጨምር እንላለን፦ በተወለደች ዕለት ስንት ኪሎ ነበረች?

ነገሩ በሰፊው የተጠናው በአሳማ ነው። አሳማ ባንድ ጊዜ አሥርና ከዚያም በላይ ስለምትወልድ የግልገሎቿ ክብደት በጣም ይለያያል። አንድ ኪሎ ሳይሞሉ ከተወለዱት እንስቶች ብዙዎቹ ለርቢ አይደርሱም፤ የደረሱትም በዕድሜያቸው የሚወልዱት ቁጥር ያንሳል። በአንበሳሜና በደብረ ታቦር ገጠር ግን አሳማ ማን ያረባል? የኛ ነገር በግ ነው።

ባገራችን ደጋ የበግ ግልገል ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሆኖ ይወለዳል። ቀሎ የተወለደ ግልገል ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ በጉና ብርድ ደግሞ ይኼ ቀላል አይደለም። ለመቆም ይዘገያል፣ እንገር ለመጥባትም ይዘገያል። በእንገሩ ያለው የበሽታ መከላከያ ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል። ተርፋ ብታድግ እንኳ አውራ የምትፈልገው የእናት በግን ክብደት ከግማሽ በላይ ስትደርስ ስለሆነ፣ የመጀመሪያ ወሊዷ ይዘገያል።

ታዲያ ክብደቱ ከየት ይመጣል? በግ 5 ወር ያህል ታረግዛለች፤ ጽንሱ አብዛኛውን ክብደት የሚያገኘው በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ነው። እነዚህ ወራት ሣር በሌለበት በመጋቢትና በሚያዝያ ከዋሉና እናቲቱ ጭድ ብቻ ከበላች ግልገሏ ይቀላል። ፋጉሎም ሆነ አተላ መጨመር ያኔ ነው። ከወለደች በኋላ የመጣው ለወተቷ ይረዳል እንጂ ለልደት ክብደቱ አይደርስም።

ሌላው የአውራው ጉዳይ ነው። ለመስቀልና ለፋሲካ ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ይሸጣል፤ የቀጨጨው ከመንጋው ይቀርና እሱ ያጠቃል። ገንዘብ የቸገረው ገበሬ ምን ያድርግ? በመንዝ ከ2009 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ገበሬዎች ተሰባስበው፣ ግልገል እየመዘኑና የተሻለውን አውራ እየመረጡ በጋራ ሲጠቀሙ ታይቷል። የኛው የፋርጣ በግስ ይህ ሲያንሰው ነው?

እዚህ ላይ መንታን እንዳንረሳ። መንታ ቀሎ መወለዱ ያለ ነው፤ መንታ መውለድ ደግሞ በከፊል ከዘር ይመጣል። ስለዚህ መንታዋ ከመንታ፣ ነጠላዋም ከነጠላ ጋር ትወዳደር። ይህን ሳይለዩ በሚዛን ብቻ መጣል ወላዱን ዘር መጣል ነው።

አመዛዘኑ አይከብድም። ግልገሉ ከደረቀና እንገር ከጠባ በኋላ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ በከረጢት አድርጎ በተንጠልጣይ ሚዛን መመዘን፤ ከዚያ የከረጢቱን ክብደት መቀነስ። ቀኑ፣ ፆታው፣ ነጠላ ወይም መንታ መሆኑና የእናቲቱ ስንተኛ ወሊድ እንደሆነ በደብተር ይጻፋል። ለልምምድ ትምህርት ገጠር ስንወጣ የአስርዮሽ ቁጥር መቀነስንና አማካይን በዚሁ ማስተማር እንችላለን፤ ተማሪዎቹ ቁጥሩን ከየቤታቸው ያመጡታል።