ጠርሙስ ውስጥ ወይስ ራሱ ጠርሙስ ሆኖ?

በመስከረም 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሩሲያ በአገራችን የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የሥራ ዕቅድ ተፈራርመዋል። ነገ ክፍል ስንገባ ጥያቄው አይቀርልንም። እኛ ከሐይቅና ከአምባሰል የመጣን ዕጩ መምህራን በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለን አንድ ተማሪ «አመዱስ የት ይደፋል?» ቢለን፣ «ጠርሙስ ውስጥ ይታሸጋል፤ መርዙም ይጠፋል» ብለን መለስን። ሁለቱም ስሕተት ነበር። እነሆ እርማቱ።

እንደ ፈረንሳይ ባሉ አገሮች ያገለገለው የኑክሌር ነዳጅ በናይትሪክ አሲድ ይሟሟና ዩራኒየሙና ፕሉቶኒየሙ ተለይቶ ይወጣል። የሚተርፈው ፈሳሽ ብርቱ ጨረር ያለውና በራሱ የሚግል ነው። በፈሳሽነቱ ማቆየት ያሰጋል። እ.ኤ.አ. በ1957 በሶቪየት ኅብረት፣ ማያክ በተባለው ጣቢያ፣ የአንድ ማጠራቀሚያ ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ፈነዳና ሰፊ አገር በከለ።

ስለዚህ ፈሳሹ ይደርቃል፤ ቦሮን ካለበት የመስተዋት ጥሬ ዕቃ ጋር በ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ከዚያም በማይዝግ ብረት በርሜል ውስጥ ፈስሶ ይረጋል። ፈረንሳይ ይህን ሥራ በማርኩል የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው።

ታዲያ ጠርሙስ ውስጥ ከማሸግ በምን ይለያል? እስኪ አረንጓዴ ጠርሙስ እንይ። ሐይቁ ዳር ወስደን መቶ ጊዜ ብናጥበው ቀለሙ አይለቅም፤ አልተቀባማ! ማቅለሚያው ሲቀልጥ አብሮ ገብቶ የመስተዋቱ አካል ሆኗል። ቢሰበርም ስባሪው አረንጓዴ ነው እንጂ የሚፈስ ነገር የለም። ቅሪቱም እንደዚያው ነው።

ይበረክታል ወይ? ባልጩት እሳተ ገሞራ የሠራው መስተዋት ነው። ሁለቱ ፍጹም አንድ ባይሆኑም ትምህርት ይሰጠናል፤ በመልካ ቁንጡሬ ከሚሊዮን ዓመት በፊት የተጠረበ ባልጩት እስከ ዛሬ ይገኛል።

ጨረሩ ግን በመቅለጥ አይጠፋም። የሲዚየም-137 ግማሽ ዕድሜ 30 ዓመት ያህል ነው፤ ከ300 ዓመት በኋላ ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ይቀራል። ሌሎች ለብዙ ሺህ ዓመታት የሚቆዩም አሉ። ስለዚህ በርሜሉ የከርሰ ምድር ውሃ በቀላሉ የማያገኘው ጥልቅ ዓለት ያስፈልገዋል። መስተዋቱ ይይዛል እንጂ አይገድልም።

ወደ ክፍሉ ተመልሰን «ተሳስተን ነበር» አልን። ተማሪዎቹ አልሳቁብንም፤ እንዲያውም ጥያቄው በዛ።

ለልምምድ፦ ሲዚየም-137 ከ90 ዓመት በኋላ ከመጀመሪያው ስንት እጁ ይቀራል?