የሕዝብ አስተያየትና የመጻተኞች ሕግ፤ ከጅቡቲ ከተማ የሚገኝ ትምህርት

አንድ መንግሥት ከውጭ አገር ስለሚገቡ ሰዎች አዲስ ሕግ ለማውጣት ሲያስብ የሕዝቡን አስተያየት አስቀድሞ መጠየቁ የተገባ ነው። ይሁን እንጂ ይህን መሰሉ ሕግ ከሌሎች ሕጎች የሚለይበት ጠባይ አለው። የግብር ወይም የመንገድ ሕግ ሲወጣ አሳቡን የሚሰጠው ሕዝብ ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ የታወቀ ነው። የመግቢያና የዜግነት ሕግ ግን «ሕዝብ የሚባለው ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ራሱ ይወስናል። ስለዚህ ዛሬ የሚወጣው ሕግ ነገ አስተያየቱ የሚቆጠርለትን ሰው ይመርጣል። ይህ ነገር በግልጥ ከታየባቸው ከተሞች አንዷ ጅቡቲ ናት። ከዚህ በታች የተጻፉት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ከተማይቱ በማን እንደ ቆመች

ፈረንሳይ ኦቦክን በ1862 ዓ.ም. በውል ከያዘች በኋላ፥ በ1880ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተደቡብ የጅቡቲን ወደብ ማልማት ጀመረች። የምድር ባቡሩ ሥራ በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ወደቡና ሐዲዱ የሰው ጉልበት ይሹ ነበርና አፋሩ፥ ኢሳውና ሌላው ሶማሌ፥ ከየመን የተሻገረው ዐረብ፥ ከኢትዮጵያ የወረደው ሠራተኛና ነጋዴ በአንድ ከተማ ተሰበሰቡ። በከብት አርቢው ዘንድ ደግሞ አገር ማለት ውኃና ሣር የሚገኝበት የየወቅቱ መንገድ ነበር እንጂ በካርታ ላይ የተሰመረ መሥመር አልነበረም። በድንኳን ለተወለደ ልጅ የልደት ወረቀት የሚጽፍለት ጸሐፊ አልነበረም። እንግዲህ የአገሩን ተወላጅ ከመጻተኛው ለመለየት የሚወጣ ሕግ ሁሉ ከመነሻው ከባድ ሸክም ይዞ የሚነሣ ነው።

2ኛ፤ የ1963 ሕግና የ1967 ድምፅ

በመስከረም ወር 1958 በተደረገው የሕዝብ ድምፅ፥ ከመራጮቹ ከመቶው 75 ያህሉ ግዛቱ ከፈረንሳይ ጋር እንዲቆይ ወሰኑ። በዚያን ጊዜ መሐሙድ ሐርቢ የነጻነትን ወገን ይመሩ ነበር። ከዚህ በኋላ በ1963 የወጣው የፈረንሳይ ሕግ የዜግነትን በር አጠበበው። በግዛቱ ውስጥ መወለድ ብቻውን ዜግነት ማስገኘቱ ቀርቶ፥ ከወላጆቹ ቢያንስ አንዱ ዜጋ መሆኑን ማስረዳት አስፈለገ። በዚህም በከተማይቱ ተወልዶ በወደቡ የሚሠራ ሰው ወላጆቹ ወረቀት ስላልነበራቸው ብቻ ከመራጮች መዝገብ ውጭ ሊሆን ቻለ።

በነሐሴ ወር 1966 ጄኔራል ደ ጎል ጅቡቲን ሲጎበኙ ነጻነትን የሚጠይቁ ሰዎች አደባባይ ወጡ፤ ሁከትም ተነሣ። የፈረንሳይ መንግሥት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዲስ የሕዝብ ድምፅ እንደሚደረግ አስታወቀ። ኢትዮጵያና ሶማሊያም ስለ ግዛቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የይገባኛል ጥያቄ ነበራቸው። ስለዚህ «ማን ይግባ፥ ማን ይውጣ?» የሚለው የፖሊስ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥታት ክርክር ሆነ።

ድምፁ መጋቢት 19 ቀን 1967 ተሰጠ። ከ39 ሺህ ከሚበልጡት የተመዘገቡ መራጮች መካከል 22,555 ሰዎች ከፈረንሳይ ጋር መቆየትን ሲደግፉ 14,666 ሰዎች ተቃወሙ፤ ይኸውም ከመቶው ወደ 61 የሚጠጋ ድጋፍ ማለት ነው። ከአፋሮቹ የሚበዙት ለመቆየት፥ ከሶማሌዎቹ የሚበዙት ለመለየት ድምፅ ሰጡ። ነገር ግን በዚያን ወቅት ወረቀት የላቸውም የተባሉ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሶማሌዎች ከከተማይቱ ተባርረዋል። ስለዚህም የቁጥሩ ውጤት ከተነገረ በኋላ ክርክሩ አልበረደም። ተቃዋሚዎቹ የሚያነሡት ጥያቄ ድምፁ እንዴት እንደ ተቆጠረ ብቻ ሳይሆን፥ ማን ድምፅ እንዲሰጥ እንደ ተፈቀደለት ጭምር ነበር። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የግዛቱ ስም የፈረንሳይ የአፋሮችና የኢሳዎች ግዛት ተብሎ ተለወጠ።

3ኛ፤ የሽቦው አጥርና ባልባላ

በዚሁ ዘመን ከተማይቱን ከየብስ በኩል የሚዘጋ ወደ 14 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የእሾህ ሽቦ አጥር ተሠራ፤ መጠበቂያ ማማዎችም ቆሙለት፤ ፈንጂም ተቀበረበት። ዓላማው ሥራ ፈልጎ ከገጠርና ከጎረቤት አገር የሚመጣውን ሰው ለማገድ ነበር። አጥሩ ብዙውን ሰው ቢያግድም ችግሩን አላስወገደውም። በሕግ መግባት ያልቻለው ሰው ከአጥሩ በስተውጭ ጎጆውን ቀለሰ፤ በዚህም ባልባላ የተባለው ሰፈር እያደገ ሄደ። ዛሬ ባልባላ ከጅቡቲ ከተማ ክፍሎች እጅግ ብዙ ሕዝብ ከሚኖርባቸው አንዱ ነው። አጥሩ ከከተማይቱ ሊያርቀው ያሰበው ሕዝብ የከተማይቱ ትልቅ ክፍል ሆነ ማለት ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው፤ ሰው ወደ ሥራ የሚሄድበት ምክንያት ሳይለወጥ መንገዱ ብቻ ቢዘጋ፥ ሰፈሩ ቦታውን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም።

4ኛ፤ ሕጉ ሲለወጥ መራጩም ተለወጠ

በታኅሣሥ ወር 1975 ፈረንሳይ ግዛቱን ወደ ነጻነት ለማድረስ ማሰቧን ገለጠች። ያን ጊዜ ትልቁ ክርክር የመታወቂያ ወረቀትና የዜግነት ነገር ሆነ። የመንግሥቱ ምክር ቤት መሪ የነበሩት አሊ አረፍ ቡርሃን ብዙ ተቃውሞ ደርሶባቸው በሐምሌ 1976 ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በዚያው ወር የዜግነትን በር የሚያሰፋ አዲስ ሕግ በፈረንሳይ ወጣ። ከዚህ ቀደም ከመዝገብ ውጭ የነበሩ ብዙ ሰዎች፥ በተለይም ኢሳዎች፥ ዜጎች ሆነው ተመዘገቡ።

ግንቦት 8 ቀን 1977 የሕዝብ ድምፅ ሲሰጥ የተመዘገቡት መራጮች ከ100 ሺህ በላይ ነበሩ። ነጻነትን የደገፉት ከመቶው ከ98 በላይ ሆኑ፤ ሰኔ 27 ቀን 1977 የጅቡቲ ሪፑብሊክ ነጻነቷን አወጀች፤ ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶንም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ10 ዓመት ውስጥ ከመቶው ወደ 61 የሚጠጋው «እንቆይ» ወደ ከመቶው 98 «እንለይ» የተለወጠው የሰው ሁሉ ልብ በአንድ ጊዜ ስለ ተገለበጠ ብቻ አይደለም። የዘመኑ ፖለቲካ ተለውጦ ነበር፤ ቀድሞ ለመቆየት የመረጡትም ብዙዎቹ አሳባቸውን ለውጠው ነበር፤ ከዚህም ጋር መዝገቡ ራሱ ተለውጦ ነበር።

5ኛ፤ ጥያቄው ከነጻነት በኋላም መመለሱ

ነጻነት ይህን ጥያቄ አልዘጋውም። በ1977 እና በ1978 በኦጋዴን ጦርነት ምክንያት ብዙ ስደተኞች ወደ ጅቡቲ ገቡ፤ በኋላም የሶማሊያ መፍረስ ሌሎችን አስከተለ። በሐምሌ 2003 የጅቡቲ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸው የውጭ አገር ሰዎች ሁሉ እስከ ነሐሴ 31 ቀን እንዲወጡ አዘዘ፤ ቀኑም በኋላ እስከ መስከረም 15 ተራዘመ። ለዚህ የተሰጠው ምክንያት የጸጥታ ጉዳይና በአገሪቱ ኤኮኖሚ ላይ የደረሰው ጫና ነበር። በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች፥ ከተማይቱን ለቀው ሄዱ። ወደ አገራቸው መመለስ የሚያስፈራቸው ጥገኝነት ጠይቀው አውር አውሳ በተባለው ቦታ እንዲሰፍሩ ተደረገ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የከተማው ሰው አሳብ ይከፈላል። የቀን ሥራ የሚፈልገው ወጣት መጻተኛው በዝቅተኛ ደመወዝ እየሠራ ሥራውን እንደ ወሰደበት ይቈጥራል፤ የቤት ሠራተኛ ወይም ግንበኛ የሚቀጥረው ግን ያው ሰው እንዲቀርለት ይሻል። ብዙ ጊዜም አንዱ ሰው በገበያ «ይውጡ» ይላል፤ በቤቱ ግን የራሷን ሠራተኛ ይሸሽጋል። ይህን ሁለት መልክ ያለውን አሳብ በአንድ «አዎን» ወይም «አይደለም» መለካት አይቻልም። በ2017 ጅቡቲ ያወጣችው የስደተኞች ሕግ ለስደተኞች የትምህርትና የሕክምና መብት ሰጥቷል፤ ስለዚህ አንዲት አገር እንደ ዘመኑ ሁለቱንም መንገድ፥ ማስወጣትንም ማቀፍንም፥ ልትሄድባቸው እንደምትችል ይታያል።

6ኛ፤ ለሹማምንትና ለከተማ ነዋሪ የሚሆን ምክር

ከዚህ ታሪክ በመነሣት፥ ስለ መጻተኞች ሕግ የሕዝብ አስተያየት ተሰበሰበ ሲባል አራት ነገሮችን መመርመር ያሻል።

ሀ) መዝገቡ፤ አስተያየታቸው የተጠየቀው እነማን ናቸው? ለብዙ ዘመን በከተማው እየኖሩ ከመዝገብ የቀሩ አሉ ወይስ የሉም?

ለ) ጥያቄው፤ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ብዙ ጥያቄዎች ተጨምቀው እንደ ሆነ። በ1967 የተጠየቀው የአስተዳደር ጉዳይ ቢሆንም፥ የሰው ሁሉ አሳብ በወረቀት፥ በዘርና በጎረቤት መንግሥታት ላይ ነበር።

ሐ) ማስረጃው፤ ሕጉ የሚጠይቀው ወረቀት ድኻውና ዘላኑ ሊያገኘው የሚችል ነው? ማንም ሊያመጣው የማይችለውን ማስረጃ የሚጠይቅ ሕግ ሐሰተኛ ወረቀትን ያበዛል፤ እውነተኛውንም ተወላጅ ያጐድላል።

መ) ጊዜው፤ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በቂ ጊዜ ተሰጥቶ ሰው ሁሉ መብቱን ሊያስረዳ ችሏል ወይስ ቀን ተቆርጦ ተጣድፏል?

መንግሥት ድንበሩን መጠበቅና የሚገባውን ሰው ማወቅ መብቱም ግዴታውም ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን የሕዝብ አስተያየት ለሕግ መሠረት የሚሆነው የሕዝቡ መዝገብ በቅንነት የተያዘ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ በየወረዳው ልደትን የሚጽፈው ጸሐፊ ሥራው ትንሽ መስሎ ቢታይም ትልቅ ኃላፊነት አለበት፤ ዛሬ ስሙን ያልጻፈለት ሕፃን አድጎ በተወለደበት ከተማ መጻተኛ ሊባል ይችላልና።