የጠራ ውሃ ሁሉ ጤናማ ነውን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም በቢሯችን አስቀምጠን፣ በዚያው ዕለት የቧንቧ ውሃ ሞልተን ስድስት ወርቃማ ዓሦች ለቀቅንበት። ውሃው እንደ መስታወቱ የጠራ ነበር። በስምንተኛው ቀን አራቱ ሞተው ተንሳፈፉ፤ ውሃው ግን አሁንም የጠራ ነበር።

ለመሆኑ ምን ገደላቸው? ዓሣ ከምግቡ ፕሮቲን የሚተርፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው በመተንፈሻ አካሉ፣ በስንጥቡ በኩል፣ በአሞኒያ መልክ ያስወግዳል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣል። ሐይቅ ውስጥ ይህ በብዙ ውሃ ይበረዛል፤ በ60 ሊትር ውስጥ ግን ይጠራቀማል፤ ቀለም ስለሌለውም ዐይን አያየውም። የመርዝነቱ ኃይል በውሃው ፒኤች ይወሰናል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፒኤች 7 ሲሆን፣ ኃይለኛው መርዝ ማለትም ነፃው አሞኒያ ከጠቅላላው 0.6 በመቶ ገደማ ነው፤ ፒኤች 8 ሲሆን ከ5 በመቶ ያልፋል። የቀረው እምብዛም የማይጎዳው አሞኒየም ነው።

አሞኒያን የሚያስወግዱልን ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ናይትራይትም የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ አደገኛ ነው፤ ናይትሬት ግን በመጠኑ ከሆነ ብዙም አይጎዳም። ሥራው የግድ በሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች እንደሚከፈል ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ግን ሁለቱንም ደረጃ ብቻቸውን የሚፈጽሙ የናይትሮስፓይራ ወገኖች መኖራቸው ታወቀ።

እዚህ ላይ የፊዚክስ ሰው ልማድ ሆኖብን ጥቂት እናስላ። አንድ ባክቴሪያ 2፣ 4፣ 8 እያለ ሲባዛ በአሥረኛው እጥፍ 1,024 ይደርሳል። በተመቻቸ ሁኔታ በየ20 ደቂቃው የሚከፈለው ኢ. ኮላይ ይህን በ3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይጨርሳል። የእኛዎቹ ግን አንድ ጊዜ እጥፍ ለመሆን አንድ ቀን ያህል ቢፈጁ፣ 10 ቀን ያስፈልጋቸዋል፤ ናይትራይት ተመጋቢዎቹም ተራቸውን የሚጠብቁት ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ አኳሪየም በተለምዶ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በአብዛኛው የሚኖሩት በውሃው ውስጥ ተንሳፈው ሳይሆን በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው። እኛ ግን ይህን ሳናስተውል፣ ከዓሦቹ ሞት በኋላ ውሃውን ሁሉ ደፍተን ስፖንጁን ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ ፈትገን አጠብነው። ገና ማቆጥቆጥ የጀመሩትን ገደልናቸው ማለት ነው። የቀሩት ሁለት ዓሦችም አልተረፉም።

በሁለተኛው ሙከራ ውሃውን ክሎሪኑ እንዲወጣለት በአየር ፓምፕ እያናፈስን አሳደርነው፤ ከዚያም ማጣሪያውን አስነስተን በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እንዲበሰብስ ጨመርንበት። ከቆየና ጤናማ ከሆነ አኳሪየም ቁራጭ ስፖንጅ ያገኘ ሰው ጊዜው በእጅጉ ያጥርለታል፤ እኛ አላገኘንም። የአየር ፓምፑን አላጠፋነውም። በሄንሪ ሕግ መሠረት በውሃ የሚሟሟው ኦክስጅን ከአየሩ የኦክስጅን ግፊት ጋር ይመጣጠናል፤ አዲስ አበባ ላይ ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ በ25 ዲግሪ በባሕር ወለል 8.3 ሚሊግራም በሊትር የሚሟሟው እዚህ 6.2 ገደማ ነው። ባክቴሪያዎቹም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይሻሉ።

ዓሣ የሌለበትን ውሃ ስንመግብ ባልደረቦቻችን ስቀውብናል። በየሁለት ቀኑ ስንለካ አሞኒያው ወጥቶ ወረደ፤ ናይትራይቱም ተከተለ። በ34ኛው ቀን ሁለቱም ዜሮ ሆኑ። የውሃውን ግማሽ ክሎሪኑ በወጣለት ውሃ ቀይረን፣ በማግሥቱ ሁለት ዓሦች ብቻ ለቀቅን።