ሳይቃጠል በቅጠል፦ ትራክ ላይ ለሚነዳ መኪና የዘይት ማቀዝቀዣ መቼ ያስፈልጋል?

ትራክ ዴይ ማለት መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ከፍሎ በራሱ መኪና ዝግ በሆነ የውድድር መስመር ላይ የሚነዳበት ቀን ነው። አንዱ ተራ ብዙ ጊዜ 20 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። ከማኅበራችን አባላት መካከል ይህን የሚሞክሩ አሉ፤ ወሬው በተነሣ ቁጥርም አንድ ጥያቄ አይጠፋም፦ «የዘይት ማቀዝቀዣ ላስገጥም ወይስ ይቅርብኝ?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። የብዙዎቻችን መኪና ቅዳሜ ትራክ ላይ ቢውልም ሰኞ ጠዋት ክፍል ወይም ሥራ የሚያደርሰን እሱው ነው። ሞተር ለመቀየር የሚወጣው ገንዘብ የአንድ ሴሚስተር ወጪ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል በደንብ ያልተገጠመ ማቀዝቀዣ ራሱ ዘይት አፍስሶ ሞተሩን ሊገድል፣ ከኋላ የሚመጣውንም ሾፌር ሊያንሸራትት ይችላል። በነርሲንግ ትምህርት በመጀመሪያ ከሚነገሩን ነገሮች አንዱ እዚህም ይሠራል፦ መለካት ከሕክምና ይቀድማል። ይህ ጽሑፍም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሄዳል።

ዘይት ምን ይሠራል?

ዘይት ብረት ከብረት እንዳይፋተግ እንደሚከላከል ሁላችንም እናውቃለን። ሁለተኛው ሥራው ሙቀት መሸከም ነው። የራዲያተሩ ውሃ የሚዞረው በሲሊንደሮቹ ግድግዳ ዙሪያና በላይኛው የሞተር ክፍል ውስጥ ነው። ወደ ፒስተኖቹ ሥርና ክራንክ ሻፍቱ ወደሚሽከረከርባቸው ቤሪንጎች ግን አይደርስም። የዚያን አካባቢ ሙቀት ተቀብሎ ወደ ታችኛው የዘይት ቋት የሚያወርደው ዘይቱ ነው።

ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። በጣሳው ላይ 5ደብሊው-30 ተብሎ ሲጻፍ ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል። ያው ዘይት 130 ዲግሪ ሲደርስ ውፍረቱ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም፤ በ100 ዲግሪ ካለ 20 ቁጥር ዘይት እንኳ ይቀጥናል። ሲቀጥን ግፊቱ ይወርዳል፤ ቤሪንጉንና ክራንክ ሻፍቱን የሚለየው ስስ የዘይት ሽፋንም ይሳሳል። ሽፋኑ ከጠፋ ብረት ብረትን ይበላል። ከዚህ ሌላ ዘይት በሙቀት ያረጃል። በግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዘይቱ የሚያረጅበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል።

ይህ ማለት ግን ዘይት በቀዘቀዘ ቁጥር ይሻላል ማለት አይደለም። ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ሞተሩን ያደክማል፤ ከቃጠሎው የሚመጣው ውሃና ያልተቃጠለ ነዳጅም ከውስጡ ተንኖ አይወጣም። ስለዚህ የምንፈልገው ልከኛ ሙቀት ነው፤ ለአብዛኞቹ ሞተሮች ከ90 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ነው። በፋራናይት ለለመዳችሁ ከ194 እስከ 248 መሆኑ ነው።

ትራክ ላይ ለምን ይለያል?

በአውራ ጎዳና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሞተሩ ካለው ጉልበት ትንሹን ብቻ ይጠቀማል። ትራክ ላይ ግን ነዳጁ እስከ ወለሉ ይረገጣል፤ የሞተሩ ዙርም ሙሉውን ተራ ከፍ ብሎ ይቆያል። ለመንገድ የተሠራው የማቀዝቀዣ ሥርዓት ለዚህ ሁሉ ሙቀት አልታሰበም።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የውሃ ሙቀት መርፌ ደግሞ ሊያታልል ይችላል። በብዙ መኪኖች መርፌው ሰፊ በሆነ የሙቀት ክልል ውስጥ መሐል ላይ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው፤ በዚያ ላይ የሚናገረው ስለ ውሃው እንጂ ስለ ዘይቱ አይደለም። ውሃው ደህና ሆኖ ዘይቱ ሊነድ ይችላል።

ታዋቂው ምሳሌ ኒሳን 370ዜድ ነው። የመጀመሪያዎቹ የ2009 ሞዴል መኪኖች ትራክ ላይ በኃይል ሲነዱ የዘይታቸው ሙቀት በጣም ይጨምር ነበር፤ ያኔ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንሳል። ብዙ ባለቤቶች ማቀዝቀዣ አስገጠሙ፤ ኩባንያውም በኋለኞቹ ሞዴሎች ላይ ጨመረበት።

መጀመሪያ ለኩ

አንዳንድ መኪኖች የዘይት ሙቀት በዳሽቦርዱ ያሳያሉ። ሌሎቹ ላይ ሴንሰርና ጌጅ ማስገጠም ይቻላል፤ ዋጋውም ከማቀዝቀዣው በብዙ ያነሰ ነው። ሲቻል የዘይት ግፊት ጌጅም አብሮ ቢገባ መልካም ነው።

ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ንዱና ለእያንዳንዱ ተራ ሦስት ነገሮች መዝግቡ፦ የአየሩን ሙቀት፣ የዘይቱን ከፍተኛ ሙቀት፣ እንዲሁም ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ ረግቶ እንደሆነ ወይስ እስከ መጨረሻው እየወጣ እንደነበር። የመኪናው መመሪያ የራሱ ገደብ ካለው እሱ ይቅደም። ከሌለው ግን እንዲህ ማንበብ ይቻላል፦

ከ120 ዲግሪ በታች ረግቶ ከቆየ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም። ጥሩ ሲንተቲክ ዘይትና ቶሎ ቶሎ መቀየር ይበቃል።

ከ120 እስከ 130 ከሆነ ተራውን ማሳጠር፣ የመጨረሻውን ዙር በዝግታ መንዳትና መመሪያው የሚፈቅደውን ወፈር ያለ ዘይት መጠቀም ሊበቃ ይችላል።

ከ130 ዲግሪ ወይም ከ266 ፋራናይት አልፎ አሁንም እየወጣ ከሆነ ወደ ማቆሚያው ተመለሱ። ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ቮልስ የሚያስተምረን

ወላጆቻችን የሚያስታውሷት የአዲስ አበባዋ ቮልስዋገን ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ነው። የዘይት ማቀዝቀዣዋ ከፋብሪካ ጀምሮ በማራገቢያው ሽፋን ውስጥ ነበረ። ችግሩ ከኋላው ወዳለው ሦስተኛ ሲሊንደር የሚሄደውን አየር መጋረዱ ነበር፤ ያ ሲሊንደርም ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቅ ነበር። በ1971 ሞዴል ላይ ኩባንያው ማቀዝቀዣውን ከአየሩ መንገድ ገለል አድርጎ የራሱን መተላለፊያ ሠራለት።

ትምህርቱ ዛሬም ይሠራል። ማቀዝቀዣውን ራዲያተሩ ፊት ብንደነቅረው የዘይቱን ሙቀት ወደ ውሃው አዛወርነው ማለት ነው። የሚሻለው የራሱ ንጹሕ አየር የሚያገኝበትና አየሩ ከኋላው የሚወጣበት ቦታ ነው። መውጫ የሌለው አየር አይገባም።

የምትነዱበት አገርም ለውጥ ያመጣል። ማቀዝቀዣ የሚያስወጣው ሙቀት በዘይቱና በአየሩ መካከል ባለው ልዩነት ይወሰናል። ዘይቱ 120 ዲግሪ፣ በጀርመን ኑርበርግሪንግ አየሩ 20 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 100 ነው። በአቡዳቢ ያስ ማሪና አየሩ 45 ቢደርስ ልዩነቱ 75 ይሆናል፤ ያው ማቀዝቀዣ ሩብ ያህል አቅሙን አጣ ማለት ነው። ስለዚህ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ አንባቢዎች አውሮፓ ያለ ጓደኛችሁ የገዛውን መጠን እንዳለ አትቅዱ።

ቴርሞስታት ያለው ምረጡ

በብዛት የሚሸጠው ዓይነት ከሞተሩና ከፊልትሮው መካከል የሚገባ ማገናኛ፣ ሁለት ቱቦዎችና ከፊት የሚታሰር ትንሽ ራዲያተር መሰል ማቀዝቀዣ አለው። ማገናኛው ውስጥ ቴርሞስታት መኖሩን አረጋግጡ። ዘይቱ ወደ 80 ወይም 85 ዲግሪ እስኪደርስ አብዛኛውን ዘይት ወደ ማቀዝቀዣው ሳይልክ ያዞረዋል፤ ሲሞቅ ይከፍትለታል። ያለዚህ ክፍል በክረምት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የምትነዱት መኪና ዘይቱ በቅጡ ሳይሞቅ ይመላለሳል።

ሲገጠም

ሥራውን መካኒክ ቢሠራውም እነዚህን ነገሮች በዓይናችሁ እዩ። ቱቦዎቹ ከጭስ ማውጫው፣ ከቀበቶዎቹ፣ ከስለታም ብረትና መሪው ሲዞር ከሚነካቸው ጎማ ይራቁ። ማቀዝቀዣው ንዝረት እንዳይሰነጥቀው በጎማ ማስታገሻ ላይ ይታሰር፤ ፊቱም በወንፊት ከጠጠር ይጠበቅ። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ነዳጅና እሳት ተቋርጦ በማስነሻ ሞተሩ ብቻ እየተዞረ ዘይቱ መስመሩን ይሙላ። ከዚያ አስነሥቶ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በባትሪ ብርሃን መፈተሽ፣ አጥፍቶ የዘይቱን መጠን መለካትና የጎደለውን መሙላት ያስፈልጋል፤ አዲሱ ክፍል የራሱን ዘይት ይዞ ያስቀራልና። ከመጀመሪያው ተራ በኋላም ፍተሻው ይደገም።

ያገለገለ ማቀዝቀዣ በርካሽ ስታገኙ ደግሞ ከየትኛው ሞተር እንደወጣ ጠይቁ። የተሰበረ ሞተር የብረት ፍርፋሪ በቀጫጭን መተላለፊያዎቹ ውስጥ ይደበቃል፤ ታጥቦም ሙሉ በሙሉ አይወጣም።

ማቀዝቀዣ የማያድነው በሽታ

ሁለት የተለያዩ ችግሮች አንድ ዓይነት ምልክት ያሳያሉ፤ ምልክቱ የዘይት ግፊት መውረድ ነው። ግፊቱ ተራው በገፋ ቁጥር ቀስ በቀስ ከወረደና ሙቀቱም አብሮ ከወጣ ችግሩ ሙቀት ነው፤ ማቀዝቀዣ ይረዳል። ግፊቱ ረጅም ኩርባ ላይ በድንገት ወርዶ ቀጥታው ላይ ሲመለስ ግን ዘይቱ ወደ ቋቱ አንድ ጎን ሸሽቶ ፓምፑ አየር እየሳበ ነው። ያኔ መኪናውን ወዲያው ማቆም፣ የዘይቱን መጠን ማየትና ዘይቱን በቦታው የሚይዝ ክፍልፋይ ያለው ቋት ማሰብ ያስፈልጋል። የዓለም ትልቁ ማቀዝቀዣ ይህን አይፈውስም።

ስለዚህ ከቀጣዩ ትራክ ዴይ በፊት ገንዘባችሁን ጌጅ ላይ አውሉት። ቁጥሩ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል ካለ በቴርሞስታት፣ በራሱ አየርና በጥንቃቄ አስገጥሙት። አያስፈልግም ካለም የተረፈውን ገንዘብ ለፍሬንና ለጎማ አድርጉት።