ትምህርት የተከለከሉት ልጃገረዶች

አፍጋኒስታን በእስያ አህጉር የምትገኝ ተራራማ አገር ናት። ከሕዝቧ ብዙው እንደ እኛው በገጠር የሚኖር ነው። ስንዴ ይዘራል፤ ወይንና ሮማን ያለማል፤ በግና ፍየል ያረባል። በዚህች አገር አንዲት ልጃገረድ 6ኛ ክፍልን ስትጨርስ ትምህርቷ በዚያው ያበቃል። የምታቆመው ሰንፋ አይደለም። ወላጆቿ ደብተር መግዣ አጥተውም አይደለም። ገዥዎቹ ስለከለከሏት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታሊባን የተባለው ታጣቂ ቡድን ነሐሴ 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ዋና ከተማዋን ካቡልን ያዘ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተጠሩት ወንዶች ብቻ ነበሩ። መጋቢት 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ለሴቶችም ይከፈታል ስለተባለ ልጃገረዶቹ ደብተራቸውን ይዘው ሄዱ። በዚያው ዕለት ግን ወደ ቤታችሁ ተመለሱ ተባሉ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲም ተዘጋባቸው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት ድርጅት ዩኔስኮ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. እንደገለጸው፣ በዚህ ክልከላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያጡት ልጃገረዶች ቢያንስ 1.4 ሚሊዮን ናቸው።

ከልካዮቹ ሃይማኖትን ምክንያት ያደርጋሉ። ይሁን እንጂ ሌሎች የእስልምና አገሮች ሴት ልጆቻቸውን ያስተምራሉ። ብዙ የእስልምና ሊቃውንትም ክልከላውን ነቅፈዋል።

ለመሆኑ እነዚህ ልጆች ቢማሩ ምን ይሠሩ ነበር? መልሱን ከሄራት ከተማ እናገኛለን። ሮያ ማህቡብ የተባለች አፍጋናዊት ልጃገረዶችን አሰባስባ ሮቦት መሥራት እንዲማሩ አደረገች። ሮቦት ማለት ሰው በኮምፒዩተር በሚሰጠው ትእዛዝ የሚንቀሳቀስና ሥራ የሚሠራ መሣሪያ ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. 6 ልጃገረዶች አሜሪካ ድረስ ሄደው ተወዳደሩ። አስቀድሞ የመግቢያ ፈቃድ ሁለት ጊዜ ተከልክለው ነበር። እነሱ ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ ስለ ቆራጥነታቸውም የብር ሜዳይ ተሸለሙ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ሲገባ ደግሞ የቡድኑ ልጆች ከአሮጌ ቶዮታ መኪና ዕቃ እየፈቱ፣ መተንፈስ ላቃተው በሽተኛ አየር የሚሰጥ መሣሪያ ለመሥራት ተነሡ፤ ሠርተውም አሳዩ። ታሊባን ሲገባ ከቡድኑ ብዙዎቹ አገር ጥለው ወጡ።

የቀሩትስ ልጃገረዶች? አንዳንዶቹ በሰው ቤት ተደብቀው ይማራሉ። ስልክና ኢንተርኔት ያላቸው ከሩቅ አገር መምህራን ትምህርት ይቀበላሉ። ይህ በሌለበት ራዲዮ አለ። በ2013 ዓ.ም. በካቡል የተቋቋመው ቤገም የተባለ የሴቶች ራዲዮ፣ ትምህርት ቤቶቹ ሲዘጉ ትምህርት ያስተላልፍ ጀመር።

ዘዴውን ከእናቶቻቸው ወርሰውታል። ታሊባን ቀድሞም ከ1989 እስከ 1994 ዓ.ም. ካቡልን ይዞ ሲገዛ የሴቶችን ትምህርት ከልክሎ ነበር። ያን ጊዜ የሄራት ሴቶች «ወርቃማው መርፌ» የሚባል የስፌት ትምህርት ቤት ነበራቸው። ጨርቅና መቀስ ይዘው ይገባሉ፤ ከጨርቁ ሥር ግን ደብተርና ብዕር አለ። ውስጥ የሚማሩት ሥነ ጽሑፍ ነበር።

የክልከላው ጉዳት በልጃገረዶቹ ላይ ብቻ አይቆምም። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሴቶች የአዋላጅነትና የነርስነት ሙያ እንዳይማሩ ታገደ። በዚያ አገር ደግሞ በአንዳንድ ስፍራ ወንድ ሐኪም ሴትን እንዲያክም አይፈቀድም። ታዲያ ነገ ምጥ የያዛትን እናት ማን ያዋልዳት? ሚስቱ የምትሞትበት ባል፣ እናት የሚያጣው ሕፃንስ አልተጎዱምን?

በእኛ አገር ሴት ልጅ እንዳትማር የሚከለክል ሕግ የለም። እንዲያውም ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናቶች ልጅ አዝለው ፊደል ቆጥረዋል። ነገር ግን ክልከላ በአዋጅ ብቻ አይመጣም። ወንድሟ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ እሷ ውሃ ቅጂ፣ እንጨት ልቀሚ ስትባል ይህም ክልከላ ነው። ያለ ዕድሜዋ ስትዳርም እንዲሁ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረትም በሯን ይዘጋባታል። የሄራት ልጆች ሥራ ይህ ተረት ሐሰት መሆኑን አሳይቷል።

የአፍጋኒስታን አባት ልጁን ሊያስተምር ቢወድ ታጣቂ ቆሞበታል። በእኛ አገር ግን እንዲህ ያለ አዋጅ የለም። እንግዲያው የቤቱን ሥራ ወንዱም ሴቷም ይካፈሉት፤ ልጃችንም በሰዓቷ ትሂድ።

ጥያቄዎች

1. በአፍጋኒስታን ልጃገረዶች የሚማሩት እስከ ስንተኛ ክፍል ነው?
2. የሄራት ልጆች ከአሮጌ መኪና ዕቃ ምን ሠሩ?
3. ሴቶች አዋላጅነት እንዳይማሩ ሲከለከሉ ማን ማን ይጎዳል?
4. በመንደራችሁ ትምህርት ያቋረጡ ልጃገረዶች አሉ? ምክንያቱ ምንድን ነው? እንዲመለሱ ምን ማድረግ ይቻላል? ተወያዩበት።