ደንበኛው ፊቱን ሲያዞር
ስለ ኒው ዚላንድ ቅቤ፣ ስለ አውስትራልያ ገብስና ስለ እኛ ሸሚዝ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተማሪ በምግብ አዳራሽም ሆነ በመኝታ ቤት ደጃፍ ሲሰበሰብ፣ የዓለም የኃይል ሚዛን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አዘነበለ የሚለው ነገር ሳይነሣ አይቀርም። አንዱ «የአሜሪካንን ገበያ ትተን ወደ ቻይና እንዙር» ይላል፤ ሌላው «ብሪክስ ገብተናልና ከእንግዲህ ምን ያሳስበናል» ሲል ይመልሳል። ክርክሩ መልካም ነው። ነገር ግን ንግድ እንደ ወንበር ብድግ አድርገው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው የሚያዛውሩት ዕቃ አይደለም። አንድ አገር ገዢውን ለመለወጥ ምን ያህል ጊዜ፣ ምን ዓይነት ሸቀጥና እንዴት ያለ ውል እንደሚያስፈልገው ለመረዳት፣ ይህን መንገድ ከዳር እስከ ዳር የሄደችውን ኒው ዚላንድን መመልከት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኒው ዚላንድ ከእንግሊዝ አገር የራቀችውን ያህል ከደንበኛው የራቀ ሻጭ ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም በ1882 «ዳኒዲን» የተባለችው መርከብ የአምስት ሺህ ያህል በጎች ሥጋ በማቀዝቀዣ ይዛ፣ ከሦስት ወር በላይ ተጉዛ ለንደን በደህና ከገባች ወዲህ፣ ያች ሩቅ ደሴት የእንግሊዝ ጓዳ ሆነች። በ1932 በኦታዋ ጉባኤ የግዛቱ አገሮች እርስ በርሳቸው የቀረጥ ቅናሽ ተሰጣጡ። ከ1939 ጀምሮ እስከ 1954 ድረስ ደግሞ ከኒው ዚላንድ የሚተርፈውን ሥጋና የወተት ውጤት የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ በጅምላ ይገዛ ነበር። በ1950 ግድም አገሪቱ ወደ ውጭ ከምትልከው ሁሉ ከመቶ 60 የሚበልጠው የሚሄደው ወደ እንግሊዝ ነው፤ ቅቤውን ብቻ ብንወስድ ከ10 ዓመት በኋላም ከመቶ 90 ያህሉ ወደዚያው ይጫን ነበር። አንባቢ ቅቤ ሲባል በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ለገበያ ቀን የሚወጣውን እንዳያስብ፤ ይህኛው ጨው ገብቶበት፣ በሣጥን ታሽጎ፣ በመርከብ ማቀዝቀዣ የሚጫንና የአገሩን መንገድና ትምህርት ቤት ያሠራ ቅቤ ነው።

በ1957 ስድስት የአውሮፓ መንግሥታት በሮም ተፈራርመው የጋራ ገበያ አቋቋሙ። በመካከላቸው ቀረጥ ሊያነሡ፣ ከውጭ በሚመጣው ላይ ግን አንድ ዓይነት ቀረጥ ሊጥሉና ገበሬዎቻቸውን ሊጠብቁ ተስማሙ። እንግሊዝ በዚያን ጊዜ ግዛቶቿ ነጻ እየወጡባት፣ ጎረቤቶቿም በሀብት እየቀደሟት ስለ ነበር በ1961 ልግባ ብላ አመለከተች። እንግዲህ እንግሊዝ ከገባች የኒው ዚላንድ ቅቤ ከዘመድ ዕቃነት ወደ ባዕድ ዕቃነት ይለወጣል ማለት ነው። የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ዠኔራል ደ ጎል በ1963 እምቢ አሉ፤ በ1967 እንደገና እምቢ አሉ። እኚህ ሰው ስለ ኒው ዚላንድ ገበሬ አስበው እንዳላደረጉት የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ከማንም ወዳጅ ይልቅ የረዱት እርሳቸው ሆኑ። ማስጠንቀቂያው ከተሰማ እስከ 1973 ድረስ 12 ዓመት ተገኝቷልና።

በ12 ዓመቱ ምን ተሠራ? ከጃፓን ጋር ቀድሞ በ1958 የንግድ ስምምነት ተደርጎ ነበር፤ ከጎረቤቲቱ ከአውስትራልያ ጋር በ1965 ውል ተፈረመ። ወተቱም ቅቤ ብቻ ከመሆን ይልቅ የዱቄት ወተትና ሌላም እየሆነ ለልዩ ልዩ ገዢ እንዲቀርብ ተጀመረ። ይህን ሁሉ ቢያደርጉም በ1970 ከሽያጩ ሢሶ በላይ የሚሆነው ገና ወደ እንግሊዝ ይሄድ ነበር። ላሟ በአንድ ቀን አትለወጥም፤ የቅቤ ፋብሪካውም እንደዚሁ።

ስለዚህ የቀረው ነገር በውል መከራከር ነበር። በ1971 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆን ማርሻል ወደ ሉክሰምቡርግ ሄደው፣ ፕሮቶኮል 18 የተባለውን አንቀጽ ከእንግሊዝ የመግቢያ ውል ጋር እንዲያያዝ አደረጉ። ይኸውም ለ5 ዓመት የተወሰነ መጠን ያለው ቅቤና አይብ እየቀነሰም ቢሆን እንዲገባ የሚፈቅድ ነበር፤ በአምስተኛው ዓመት ቅቤው ወደ አራት አምስተኛ (ከአምስት እጅ አራቱ)፣ አይቡ ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ለአይቡ ነገሩ የሞት ፍርድ ነው። ነገር ግን ፍርዱ ቀኑና ልኩ ተጽፎ፣ ከእንግሊዝ ጋር ሌሎቹም መንግሥታት የፈረሙበት ነበርና ገበሬው በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚቀርበት አስቀድሞ ያውቀው ነበር። ከ5 ዓመቱ በኋላም እየተከራከሩ የቅቤውን በር ለብዙ ዘመን ክፍት አቆዩት።

ሆኖም ችግር አልቀረም። እንግሊዝ በጥር 1973 ገባች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የነዳጅ ዋጋ ናረ። ኒው ዚላንድ በአንድ ጊዜ የምትሸጠው ጠቦባት፣ የምትገዛው ተወደደባት። ለኢራን የበግ ሥጋ፣ ለሶቪየት ኅብረት ቅቤ እስከ መሸጥ ደረሰች፤ የፖለቲካ ዝምድና ሳይመረጥ የበላ ሁሉ ደንበኛ ሆነ። በ1984 ደግሞ መንግሥት ለገበሬው ይሰጥ የነበረውን ድጎማ አነሣ፤ ብዙ ባለ በግ ተጎዳ።

ከዚያ በኋላ የመጣችው ቻይና ናት። ኒው ዚላንድ በሚያዝያ 2008 ከቻይና ጋር የነጻ ንግድ ውል የፈረመች ከበለጸጉት አገሮች የመጀመሪያይቱ ሆነች፤ በ2013 ቻይና አውስትራልያን አልፋ የዕቃዋ ዋና ገዢ ሆነች። በዚያው ዓመት በነሐሴ በወተት ውጤት ፋብሪካ ውስጥ መርዘኛ ባክቴሪያ ተገኘ ተብሎ ቻይና ለጊዜው አንዳንድ ዕቃ አገደች። ኋላ ሲመረመር ባክቴሪያው መርዘኛው አልነበረም፤ ወሬው ግን አገሩን በሙሉ አንቀጥቅጦት ነበር። ዛሬ ከሚላከው ዕቃ ሩብ ያህሉ ወደ ቻይና ይሄዳል። ይህ የ1960ዎቹን የቅቤ ድርሻ አያህልም፤ የሚያሳስበው ሰው ግን እዚያ አገር አልጠፋም። ፈገግ የሚያሰኘው፣ እንግሊዝ በ2020 ከአውሮፓ ኅብረት ወጥታ ከቀድሞዋ ጓዳዋ ጋር አዲስ የንግድ ውል መዋዋሏ ነው፤ ውሉ በግንቦት 2023 ሥራ ላይ ዋለ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ግን ማንም ቆሞ አልጠበቃትም።

ገዢ ሲያኮርፍ ሁሉም ሸቀጥ እኩል እንደማይጎዳ ለማየት ወደ አውስትራልያ እንሻገር። መንግሥቷ በ2020 የኮሮና በሽታ አመጣጥ በገለልተኛ ወገን ይመርመር ካለ በኋላ፣ ቻይና በገብሷ ላይ ከመቶ 80.5 ቀረጥ ጣለች፤ በወይን ጠጇም ላይ ከመቶ 200 በላይ የደረሰ ቀረጥ ተጫነ። ገብሱ ወደ ሳውዲ ዐረቢያና ወደ ሌሎች ዞረ፤ ገብስ የትም ገብስ ነውና። የወይን ጠጁ ግን ለቻይና ገዢ ጣዕምና ስም ተሰናድቶ የተጠመቀ ስለ ነበር በየጋኑ ተከማችቶ ቀረ። የብረት ማዕድኑን ቻይና አልነካችውም፤ የብረት ፋብሪካዎቿ ይፈልጉታላ! የገብሱ ቀረጥ በ2023፣ የወይኑ በ2024 ተነሣ።

ይህን ይዘን ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ቡናችን እንደ ገብሱ ነው ብል የሚቃወመኝ ያለ አይመስለኝም። ሳውዲም፣ ጀርመንም፣ ጃፓንም፣ አሜሪካንም ይገዙታል። በ2008 ጃፓን የተባይ መድኃኒት ቅሪት አገኘሁበት ብላ ግዥዋን እጅግ በቀነሰች ጊዜ ነጋዴው ቢጎዳም ሌላ በር ነበረው። በሐዋሳ የሚሰፋው ሸሚዝ ግን እንደ ወይን ጠጁ ነው። ልኩ፣ ጨርቁና ምልክቱ አንድ የውጭ ኩባንያ ያዘዘው ነው፤ ኩባንያው ከሄደ ሸሚዙን መርካቶ አውጥቶ መሸጥ አይቻልም። አሜሪካን ያለ ቀረጥ ያስገባን የነበረውም አጎዋ በተባለው የ2000 ሕግ ነው። ይህ ሕግ የራሷ ምክር ቤት ያወጣው እንጂ እኛ የፈረምንበት ውል አይደለም። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በሰብዓዊ መብት ምክንያት እንደምታቋርጠው በኅዳር 2021 አስታወቀች፤ በጥር 1 ቀን 2022 ተቋረጠ። የኒው ዚላንድ ገበሬ 12 ዓመት ተሰጠው፤ የሐዋሳ ሠራተኛ ሁለት ወር። ከዚያ በኋላ ከሥራ የወጡት በአብዛኛው ከገጠር የመጡ፣ ዕድሜያቸው ከእኛ የማይበልጥ ልጃገረዶች ናቸው።

ብሪክስን የሚያነሡ ወንድሞቼም ይህን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። በጥር 2024 የገባንበት ማኅበር የመሪዎች መመካከሪያ እንጂ እንደ አውሮፓ ኅብረት ቀረጥ የሚያነሣ የንግድ ውል የለውም። ቻይና ከታኅሣሥ 1 ቀን 2024 ጀምሮ እኛን ጨምሮ በኢኮኖሚ እጅግ ወደ ኋላ ከቀሩት አገሮች፣ ከእርሷ ጋር ዲፕሎማቲክ ግንኙነት ካላቸው ሁሉ የሚመጣውን ዕቃ ያለ ቀረጥ ታስገባለች። ለቡና ነጋዴያችን ደስ የሚል ወሬ ነው። የወሰነችው ግን ቤይጂንግ ናት፤ የሰጠችውም ብቻዋን ነው፤ እንደ ፕሮቶኮል 18 ቀኑና ልኩ ተጽፎ እኛ የፈረምንበት ወረቀት የለም።