ለእንጦጦ ቁልቁለት የድሮ ሞተር ይሻላል ወይስ አዲስ?

"ዶክተር፣ የድሮ ሞተር ልግዛ ወይስ አዲስ?" ለምትሉኝ፣ መጀመሪያ ፍሬኑን እዩ።

እንጦጦ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስትወርዱ ፍሬን ደጋግማችሁ ትይዛላችሁ። ብዙ የድሮ ሞተሮች ላይ ያለው የታምቡር ፍሬን ሲግል የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ዲስክ ፍሬን ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ኤቢኤስ ካለው ደግሞ ድንገት ሲያዝ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ያግዛል።

✅ አቅም ካለ፦ ኤቢኤስ ያለውን ምረጡ። አዲስ ሁሉ የለውም፤ ጠይቁ።
✅ የድሮውን ከወደዳችሁ፦ ፍሬኑን አስፈትሹ፤ በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ በፎሌ በፍጹም!
✅ በሁለቱም፦ ሄልሜት። አደጋ ሲደርስ የጭንቅላት ጉዳትን በ69%፣ ሞትን በ42% ገደማ ይቀንሳል። ማሰሪያውን ግን እሰሩት!

ሞተር መለዋወጫ አለው፤ አንጎል የለውም። ሞተር ለሚነዳ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። 🙏